ከአርዲቦ እስከ ኦስሎ፦ መዛግብት መናበብን እንዴት ተማሩ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዱ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ከከተማዋ ጥግ የተኛውን ሎጎ ሐይቅን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። ከእርሱ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተቀመጠውን አርዲቦን ግን ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። ሁለቱን ሐይቆች የምታገናኛቸው አንዲት ትንሽ ወንዝ ናት። ውኃው ከአርዲቦ ይነሣና ቁልቁል ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይ ገበሬው ለመስኖ ይጠልፈዋል፤ የተረፈው ሎጎ ይገባል። ከሎጎ ወጥቶ ወደ አርዲቦ የሚመለስ ውኃ ግን የለም። ቁልቁል እንጂ ሽቅብ የለም።

የቢሮ አሠራራችንም ከዚህ ውኃ ብዙ አይርቅም።

በአርዲቦ ዙሪያ ካሉ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የምትሠራ ባለሙያ አለች እንበል። የወሩን ሪፖርት ኮምፒውተር ላይ ስትሞላ ፕሮግራሙ አንድ ቁጥር «አልቀበልም» አላት። ለወረዳ ትደውላለች። የወረዳው ሰው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጽፍና ለዞን በቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። ዞን ለክልል፣ ክልል ለሚኒስቴር ያስተላልፋል። ችግሩ የፕሮግራሙ የራሱ ጉድለት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ኦስሎ ከተማ ያሉት የሶፍትዌሩ ሠሪዎች በራሳቸው መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል። አንድ ችግር አምስት ቦታ ተጻፈ፤ አምስቱ መዝገቦች ግን አይተዋወቁም። ኦስሎ ላይ «ተፈቷል» ተብሎ ሲዘጋ አርዲቦ ዳር ያለችው ባለሙያ ምንም አልሰማችም። በሚቀጥለው ወር ስለዚያው ችግር እንደ አዲስ ትደውላለች።

የሶፍትዌር ሰዎች እንዲህ ያለውን የችግር መዝገብ «ኢሹ ትራከር» ይሉታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ችግር ሲመጣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንደመጣ፣ ማን እንደያዘውና የት እንደደረሰ ከቁጥሩ ሥር ይጻፋል። ከባዱ ነገር መመዝገቡ አይደለም። ከባዱ፣ ይህ መዝገብ ሌሎች ሰዎች ለሌላ ሥራ ከሠሯቸው መሣሪያዎች ጋር እንዲናበብ ማድረግ ነው፦ ከኮድ መጻፊያው፣ ከኢሜይሉ፣ ከሌላው ድርጅት መዝገብ ጋር። ይህ መናበብ እንዴት እንደመጣ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ ይጀመራል። እዚያው ከሐይቅ ቢጀመር ግን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

◆ በወንጌሉ ገጽ ላይ የተጻፈው

ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው፣ ጥንት ግን ደሴት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. ከ1248 ገደማ ጀምሮ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆነ። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። መጽሐፉ ከወንጌሉ ሌላ የያዘው ነገር አለ፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርና ገዳሙን የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ተጽፈውበታል።

እንዲህ ያለው ነገር ለምን በወንጌል ላይ ይጻፋል? ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። ተራ ብራና ይጠፋል፣ ይፋቃል፣ ይሰረቃል። ወንጌልን ግን የሚደፍር ጥቂት ነው። ስለዚህ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የርስት፣ የስጦታና የንብረት ጉዳይ በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ሥራ ላይ ሲውል ይህን ይመስላል። የገዳሙ ሰዎች ለመዝገቡ የመረጡለት ቦታ ከእነርሱ ዕድሜ በላይ የሚኖር ቦታ ነው።

ይህ መዝገብ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት አንድ ጉድለት ነበረበት። ሊያነብበው የሚፈልግ ሐይቅ ድረስ መሄድ ነበረበት። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ነው። በእንግሊዝኛው ምኅጻር ኢኤምኤምኤል በተባለው በዚህ ሥራ ብዙ ሺህ መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ፤ ቅጂያቸውም አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ በሚገኝ የቤኔዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሚባል ደረጃ ካታሎጉን ሲያዘጋጁ የኖሩት እዚያ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም ቁጥር አገኘ፦ ኢኤምኤምኤል 1832።

ቁጥሩ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሥራው ግን ትልቅ ነው። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ መጽሐፉ ሲጽፉ የጠሩት በዚሁ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በጀርመን ሃምቡርግ የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ የዲጂታል ፕሮጀክትም መጽሐፉን የሚያውቀው በዚሁ ቁጥር ነው። ሚኔሶታ ያለው ካታሎግ በአንድ ዓይነት ቅርጽ፣ ሃምቡርግ ያለው በሌላ ዓይነት ቅርጽ ተጽፏል። ሆኖም «1832» ሲባል ሁሉም ስለ አንድ መጽሐፍ እንደሚናገሩ ያውቃሉ። የሃምቡርጉ ፕሮጀክት ፋይሎቹን በጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ አስቀምጧል፤ ስለ አመዘጋገብ የሚነሡ ጥያቄዎችም እዚያው የጊትሃብ ኢሹ መዝገብ ላይ ቁጥር እየተሰጣቸው ውይይት ይደረግባቸዋል። ከሐይቅ የወጣው መዝገብ ዞሮ ዞሮ ኢሹ ትራከር ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይያዙ። መዝገብ ከጸሐፊው በላይ መኖር አለበት። ሌሎች የሚገቡበት በር ያስፈልገዋል። የማይለወጥ ቁጥርም ያስፈልገዋል። የሶፍትዌሩ ዓለም እነዚህን ሦስቱን የተማረው አንድ በአንድ፣ ብዙ ጊዜም በኪሳራ ነው።

◆ በኢሜይል የጀመረ መናበብ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በነጻ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ ተበታትነው ነበር። ኮምፒውተራቸው የተለያየ፣ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም የተለያየ፤ ሁሉም ዘንድ ያለው አንድ ነገር ኢሜይል ብቻ ነበር። ስለዚህ በ1992 የወጣው ግናትስ የተባለው የችግር መዝገብ ሪፖርት የሚቀበለው በኢሜይል ሆነ። በ1994 ኢያን ጃክሰን ለዴቢያን ፕሮጀክት የሠራው መዝገብም እንዲሁ። ችግር ያየ ሰው ኢሜይል ይልካል፤ መዝገቡ ቁጥር ሰጥቶ ይመልስለታል፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቁጥር አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ሁሉ በጉዳዩ ሥር ይከተታል። ጉዳዩ ሲዘጋም ላኪው ደብዳቤ ይደርሰዋል።

የዴቢያን መዝገብ ዛሬም በዚሁ መንገድ ይሠራል። መልኩ አያምርም፤ ወጣት ፕሮግራመሮች ሲያዩት ይስቃሉ። ግን አንድ ነገር አለው፦ ከየትኛውም ኢሜይል መላክ ከሚችል መሣሪያ ጋር ይናበባል። ችግሩን ያመጣው ሰውም መልሱን ለማግኘት አዲስ ፕሮግራም መጫን፣ አዲስ የይለፍ ቃል መያዝ አያስፈልገውም። ውኃው ሽቅብም ይወጣል።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያውያንም ተመሳሳይ ብልሃት ተጠቅመዋል። የግዕዝ ፊደል በኢሜይል አላልፍ ሲል ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት ነደፉ፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል ወጥ በሆነ ሕግ ጽፎ መላክና ወዲያ ማዶ ወደ ግዕዝ መመለስ ያስችላል። ሐሳቡ ከዴቢያኑ ጋር አንድ ነው። የጋራ መንገዱ ጠባብ ከሆነ፣ በጠባቡ መንገድ የሚያልፍ፣ ሲደርስም ወደ ሙሉ መልኩ የሚመለስ ነገር ሥራ።

◆ ባግዚላ፦ ለሰው ዓይን የተሠራ መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1998 ኔትስኬፕ የብራውዘሩን ኮድ ለሕዝብ ሲከፍት ቴሪ ዋይስማን የጻፈው ባግዚላ የተባለ መዝገብም አብሮ ወጣ። ባግዚላ በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ነበር። ቅጹን መሙላት፣ መፈለግ፣ ማን ምን እንደያዘ ማየት ቀላል ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሬድ ሃት፣ ጂኖም፣ ኢክሊፕስና ሌሎች ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሁሉ የየራሳቸውን ባግዚላ ተከሉ። በ2002 ከአውስትራሊያ የተነሣው አትላሲያን የተባለ ድርጅት ጂራን ለገበያ አወጣ፤ ስሙ ራሱ የባግዚላ ቀልድ ነው፤ «ጎጂራ» ጃፓኖች ጎድዚላን የሚጠሩበት ስም ነውና።

ድረ ገጽ ግን የተሠራው ለሰው ዓይን ነው። ሌላ ፕሮግራም ከዚያ ገጽ ላይ መረጃ ማውጣት ሲፈልግ፣ ገጹን እንደ ሰው «አንብቦ» የችግሩ ርዕስ እዚህ ጋ ነው፣ ቀኑ እዚያ ጋ ነው እያለ መገመት ነበረበት። የመዝገቡ ባለቤት የገጹን መልክ ትንሽ ሲያስተካክል፣ ሌላው የሠራው መሣሪያ በአንድ ሌሊት ሥራ ያቆማል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ በሩ ለፕሮግራም አልተሠራም ነበር።

ነገሩን ገፍቶ ያመጣው ከኮድ መጻፊያው ወገን የመጣ ጥያቄ ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሚክ ከርስተን በ2005 አካባቢ ማይላር የተባለ፣ በኋላ ማይሊን የተሰኘ መሣሪያ በኢክሊፕስ ላይ ሠራ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ፕሮግራመሩ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ኮድ መጻፊያው ውስጥ ነው፤ ታዲያ የሥራ ዝርዝሩን ለማየት ለምን ወደ ሌላ መስኮት ይሄዳል? መዝገቡ ወደ እርሱ ይምጣ። ማይሊን ለባግዚላ አንድ ማገናኛ፣ ለጂራ ሌላ ማገናኛ፣ ለሌሎችም እንዲሁ ነበረው። ፕሮግራመሩ ግን የሚያየው አንድ ዝርዝር ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ መዝገቦቹ ለፕሮግራም የሚሆን የራሳቸውን በር ማበጀት ግድ ሆነባቸው። ባግዚላ በ2007 በወጣው 3.0 እትሙ ሌሎች ፕሮግራሞች በቀጥታ የሚጠይቁበትን መንገድ ከፈተ። ዛሬ ይህ በር በሁሉም ዘንድ «ኤፒአይ» ይባላል። በዚህ በኩል የሚመጣ ፕሮግራም የገጹ መልክ አያገባውም፤ «የቁጥር ይህን ያህል ጉዳይ ሁኔታው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ በተስማሙበት ቅርጽ መልስ ያገኛል። ቀጥሎ የመጣው «ዌብሁክ» ደግሞ ጥያቄውንም አስቀረ፤ ጉዳዩ ሲለወጥ መዝገቡ ራሱ ደውሎ ይናገራል። ጤና ጣቢያዋ ያለችው ባለሙያ ያጣችው ይህንን ነው።

◆ «ተዘግቷል» ማለት ምን ማለት ነው?

በሩ መከፈቱ ግን መግባባትን አያመጣም። ሁለት ሰዎች ስልክ ስለተገናኙ ብቻ ቋንቋቸው አንድ አይሆንም።

በባግዚላ አንድ ጉዳይ ብዙ ደረጃ ነበረው፦ አዲስ፣ ሰው የያዘው፣ የተፈታ፣ መፈታቱ የተረጋገጠ። «የተፈታ» የሚለው ራሱ ይከፋፈላል፤ ተስተካክሏል፣ ቀድሞ ከተመዘገበ ጋር አንድ ነው፣ አናስተካክለውም። ጊትሃብ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ የነበሩት ሁለት ቃላት ናቸው፦ ክፍትና ዝግ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲተላለፍ «አናስተካክለውም» የተባለውም፣ «ተስተካክሏል» የተባለውም እኩል «ዝግ» ሆነው ይወጣሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። በመንግሥት ቢሮ «ጉዳይዎ ተዘግቷል» የተባለ ባለጉዳይ ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቃል።

ሌላም ችግር አለ። ሁለቱ መዝገቦች እርስ በርስ የሚጻጻፉ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሲያድስ ሁለተኛው «አዲስ ለውጥ መጣ» ብሎ መልሶ የመጀመሪያውን ያድሳል፤ ጥንቃቄ ካልተደረገ ሁለቱ እንደ ገደል ማሚቶ ሲጠራሩ ያድራሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መረጃ ባለቤቱ የትኛው መዝገብ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ለዚህ ሁለት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል። በ2008 በአይቢኤም ዋና ተሳትፎ የተጀመረው ኦኤስኤልሲ የተባለ የጋራ ደንብ «አትቅዱ፣ አያይዙ» አለ። ጉዳዩ ባለበት መዝገብ ይቆይ፤ ሌላው መዝገብ አድራሻውን ብቻ ይያዝ። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል የሠራው ላውንችፓድ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ መረጠ። አንድ ችግር በኡቡንቱ ላይ ተመዝግቦ ምንጩ ግን ሌላ ፕሮጀክት ሊሆን ይችላል። ላውንችፓድ ያንን የሌላውን መዝገብ ቁጥር ይዞ በየጊዜው ሄዶ እያየ ሁኔታውን ያመጣል። ተጠቃሚው የመዘገበበትን ቦታ ሳይለቅ፣ የሩቁ ሠሪ ምን እንዳደረገ ያያል። ለአርዲቦዋ ባለሙያ ከተባለው ሁሉ የሚቀርባት ይህ ነው።

◆ ቤቱ ሲዘጋ

የመዝገብ ነገር ዋጋው የሚታወቀው ቤቱ ሲዘጋ ነው። ጉግል በ2006 ጉግል ኮድ የተባለውን የፕሮጀክቶች ማኖሪያ ከፈተ። ብዙ ሰው ኮዱንም የችግር መዝገቡንም እዚያ አስቀመጠ። በመጋቢት 2015 ጉግል ሊዘጋው እንደሆነ አስታወቀ፤ በጥር 2016 ተዘጋ። ባለቤቶቹ ንቁ የነበሩባቸው ፕሮጀክቶች ማውጫ መሣሪያ ተሰጥቷቸው ወደ ጊትሃብ ተሻገሩ። ባለቤታቸው የተዋቸው ደግሞ በማኅደር ለንባብ ብቻ ቀሩ፤ ጥያቄ ይታያል፣ መልስ ግን ማስገባት አይቻልም።

ሲሻገሩ ደግሞ የቁጥር ጣጣ ይመጣል። ጊትሃብ የችግር ሪፖርትንና የኮድ ማሻሻያ ሐሳብን በአንድ ተራ ቁጥር ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የመጣ ጉዳይ የድሮ ቁጥሩ ቀድሞ ተይዞበት ሊጠብቀው ይችላል። የፓይተን ቋንቋ ሠሪዎች በሚያዝያ 2022 ለዓመታት የተጠቀሙበትን መዝገብ ትተው ወደ ጊትሃብ ሲገቡ ይህ ገጥሟቸዋል። ጉዳዮቹ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው። ሆኖም የድሮውን መዝገብ ለንባብ ክፍት አድርገው አቆዩት፤ በኮዱ ታሪክ ውስጥ በድሮ ቁጥር የተጠቀሰውን ሁሉ ፈልጎ ማግኘት እንዲቻልም አሮጌውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አያያዙት። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት «ይህን መስመር የጻፍኩት በዚህ ቁጥር ምክንያት ነው» ብሎ ካኖረ፣ ቁጥሩ ሲሞት ምክንያቱም አብሮ ይሞታልና።

የሐይቅ ወንጌል ከሐይቅ ሳይነሣ ሚኔሶታና ሃምቡርግ የተነበበው በቁጥሩ ነው። የፓይተን ሰዎች በ2022 የታገሉለት ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

◆ ፊደልና ጳጉሜ

በእኛ አገር መናበብን ያዘገዩ ሁለት የራሳችን ጉዳዮችም አሉ።

የመጀመሪያው ፊደል ነው። ከዩኒኮድ በፊት የግዕዝ ሶፍትዌር የሠሩ ሰዎች ሁሉ ለፊደላችን የየራሳቸውን የውስጥ ቁጥር ሰጡት። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ኅትመቱ ያምራል፤ ወረቀቱ ላይ ችግር የለም፤ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ግን አይነጋገርም። በመስከረም 1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ለእያንዳንዱ ሆሄ የማይለወጥ ቁጥር ሰጥቶ አስገባ። ከዚያ በኋላም ብዙ ቢሮዎች በለመዱት የድሮ ፎንት መጻፋቸውን ለዓመታት ቀጠሉ። እነዚያ ፋይሎች ውስጥ ያለው አቤቱታ፣ ቃለ ጉባኤና የብልሽት ሪፖርት ዛሬ በፍለጋ አይገኝም። ተጽፏል፤ ግን አልተወረሰም።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። በዓለም ያሉ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ዓመት 12 ወር ነው ብለው ይነሣሉ። በእኛ 13 ነው፤ ጳጉሜም 5 ቀን ሆና በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች። «ጳጉሜ 6» ብሎ ቀኑን እንደ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ መዝገብ፣ ለውጭ መሣሪያ ሲልከው ወዲያ ያለው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። ሰዓታችንም ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ነው። መፍትሔው ጳጉሜን መተው አይደለም። መዝገቡ በውስጡ ቀኑን በአንድ የጋራ ደንብ ይያዝ፤ ለዚህም ከ1988 ጀምሮ አይኤስኦ 8601 የተባለ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ለሰው ሲያሳይ ደግሞ በየአገሩ አቆጣጠር ያሳይ። ውስጡ ለመናበብ፣ ውጪው ለባለቤቱ።

◆ ኦስሎና አዲስ አበባ

ወደ ጤና ጣቢያዋ እንመለስ። የኢትዮጵያ ጤና ዘርፍ ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር ሥሩ ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው። ዛሬ ማዕከሉ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ኮዱ ክፍት ነው። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ያውቃል፤ ይህ በራሱ ከዳር ያሉ ተጠቃሚዎች ጥያቄ መሀል ድረስ ሊሰማ እንደሚችል ያሳያል።

የዲኤችአይኤስ 2 የችግር መዝገብ ታሪክም እስካሁን የተተረከውን ሁሉ በአጭሩ ይደግመዋል። መጀመሪያ ላውንችፓድ ላይ ነበር። ኋላ ኮዱ ወደ ጊትሃብ፣ የችግር መዝገቡ ወደ ጂራ ሄደ። በኦስሎ በኩል እነዚህ ሁለቱ ይናበባሉ፤ ፕሮግራመሩ ኮዱን ሲያስገባ የጉዳዩን ቁጥር ይጽፋል፣ የትኛው ለውጥ የትኛውን ችግር እንደፈታ ይታወቃል። በብሔራዊ መታወቂያችን በፋይዳም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው መሠረት ከሕንድ የመጣ ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን፣ ኮዱ ጊትሃብ ላይ፣ የችግር መዝገቡ ጂራ ላይ ይገኛል።

እንግዲህ ከላይ ያለው ጫፍ በሩን ከፍቷል። የጎደለው መካከሉ ነው። ከአርዲቦ እስከ ሚኒስቴር ባለው መንገድ ችግሩ የሚጓዘው በስልክ ጥሪ፣ በማስታወሻ ደብተርና በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ቴሌግራም ፈጣን ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ጉዳዩ ቁጥር የለውም፣ ባለቤት የለውም፣ ከሁለት መቶ መልእክት በኋላ ማንም አያገኘውም።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ «ሁሉም በአንድ ሲስተም ይግባ» የሚል ነው። ያለፉት 30 ዓመታት ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ፕሮግራመሩ ከኮድ መጻፊያው አልወጣም፤ የዴቢያን ተጠቃሚ ከኢሜይሉ አልወጣም፤ የጤና ባለሙያዋም ከስልኳ አትወጣም፣ መውጣትም የለባትም። የተሳካላቸው ሰውን ከመሣሪያው ያላፈናቀሉ፣ በመሣሪያዎቹ መካከል ቦይ የቀደዱ ናቸው። ቴሌግራም ራሱ ለፕሮግራም ክፍት የሆነ በር አለው። ግሩፑ ውስጥ የተጻፈን ችግር ወደ ወረዳው ወይም ወደ ክልሉ መዝገብ የሚያስገባ፣ ቁጥር ሰጥቶ የሚመልስ፣ ሲዘጋም «የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የሚያሳውቅ ቦት መሥራት ለአንድ ጎበዝ ወጣት ከባድ ሥራ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላው ነገር ነው። የጤና ጉዳይ ምስጢር አለበት። የችግር ሪፖርት ላይ የሚለጠፍ የስክሪን ፎቶ የታካሚ ስም ሊይዝ ይችላል፤ መዝገብ ከመዝገብ ሲናበብ ያ ፎቶ ኦስሎ ድረስ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየበሩ ምን እንደሚያልፍና ምን እንደማያልፍ መወሰን አለበት። የገበሬው ቦይም ማገጃ አለው፤ ማገጃ ያለው ግን ውኃው እንዳይሄድ አይደለም፣ በሥርዓት እንዲሄድ ነው።

◆ ውል ሲፈረም

ወደፊት አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሶፍትዌር ሲገዛ ወይም ሲያሠራ ውሉ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነገሮች ከዚህ ታሪክ በቀጥታ ይወጣሉ። የችግር መዝገቡ በሰነድ የተገለጸ ኤፒአይ ይኑረው። ሻጩ ቢከስር ወይም ውሉ ቢቋረጥ መዝገቡ ከነሙሉ ታሪኩ፣ ከነቁጥሩ ይውጣ። ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ቀኑ በጋራው ደንብ ይቀመጥ። «ተዘግቷል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ። እነዚህ አራት ነገሮች ውሉ ሳይፈረም በፊት ሲጠየቁ ወጪያቸው ትንሽ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ግን ሻጩ የራሱን ዋጋ ይቆርጣል።

ውሉ እስኪፈረም መጠበቅ የማያስፈልገው አንድ ነገርም አለ። ነገ ጠዋት ከአርዲቦ ዳር ስልክ ሲደወል፣ የሚያነሣው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለባለሙያዋ ቁጥር ይስጣት። ያንኑ ቁጥር ለዞን ሲልክ ይጻፈው፤ ዞንም ለክልል፣ ክልልም ለሚኒስቴር። ኦስሎ ላይ አዲስ ቁጥር ከተሰጠው ሁለቱ አብረው ይጻፉ። በሚቀጥለው ወር ስትደውል «ምን ነበር ችግሩ?» ተብላ እንደ አዲስ ከመተረክ ይልቅ፣ ቁጥሩን ጠርታ «የት ደረሰ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች።